«ተመስገን» ለእግዚአብሔር፣ እርምጃው ለሐኪሙ

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ አረጋውያን ወላጆቻችን ስጽፍ «የሃንዲካፕ ፓርኪንግ ፈቃድ አውጡላቸው» ብዬ በአንድ መስመር አልፌ ነበር። ይህ ፈቃድ መራመድ የሚቸግረው ሰው ለእሱ በተተወ፣ ለበሩ ቅርብ በሆነ ቦታ መኪና እንዲቆምለት የሚያስችል ነው፤ በመኪናው መስታወት ላይ የሚሰቀለው ካርድ ፕላካርድ ይባላል። ያቺ መስመር ብዙ ደብዳቤ ስላመጣችብኝ ዓምዱን ዛሬ ለእሷ ሰጥቻታለሁ። የጻፋችሁልኝ አብዛኞቻችሁ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ ስለምትኖሩ መልሴም በእነዚሁ ላይ ያተኩራል። ሌላ ግዛት ያላችሁም አንብቡት፤ ፎርሙና ክፍያው ቢለያይም ማን ይገባዋል የሚለው መሠረት እ.ኤ.አ. በ1991 ከወጣው የፌዴራል ደንብ የተቀዳ ስለሆነ ከግዛት ግዛት ብዙ አይራራቅም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ወደዚህ አገር ከመጣች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ሁለቱም ጉልበቶቿ አርትራይተስ አለባቸው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ከመኪናው እስከ በሩ ድረስ ሁለት ሦስት ጊዜ ትቆማለች፤ ሰው እንዳያውቅባት «እስቲ ይቺን አበባ ልያት» ትላለች። ፕላካርድ እናውጣልሽ ስላት «እግዜር ሳያጎድለኝ አንቺ ስንኩል ልታደርጊኝ ነው ወይ?» ብላ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። በስንት ልመና ሐኪሟ ዘንድ ብወስዳት ደግሞ «መዝገቧ ላይ በደህና ትንቀሳቀሳለች ይላል» ብሎ ፎርሙን ሳይሞላልን ቀረ። ምን ላድርግ? (ሐ.፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ልጄ፣ ያቺን አበባ አውቃታለሁ። እኔ የጫማዬን ክር ነበር የማስረው። ደሴ ተወልጄ በአራት ዓመቴ ፖሊዮ ቀኝ እግሬን ይዞኛል። እዚህ ከመጣሁ በኋላ ዋሽንግተን ውስጥ በፓርኪንግ ጋራዥ 19 ዓመት ሠርቻለሁ። ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና ሳቆም ውዬ፣ ማታ የራሴ መኪና ጋ እስክደርስ ሦስት ቦታ ጎንበስ ብዬ ያልተፈታ ክር አስር ነበር። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ያውቅ ነበር፤ ዝም ብሎ ይጠብቀኛል። በልጅነቴ ሰፈሩ በሙሉ በስሜ ሳይሆን በእግሬ ይጠራኝ ስለነበር፣ ያንን ስም በመስታወት ላይ ሰቅዬ የምዞር መስሎኝ ፈቃዱን ሳላወጣ ዓመታት አለፉ። እናትሽ ያኮረፈችሽ ጠልታሽ አይደለም። የምትፈራው ያንን ስም ነው።

ከሐኪሙ ልጀምር፤ እሱ ካልተፈታ ሌላው አይፈታም። እናትሽ ክፍሉ ውስጥ ስትገባ ሐኪሙ እንዴት እንደሆነች ይጠይቃታል። «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ትላለች። እንዴት ሌላ ትላለች? እኛ አገር ታሞ የተኛ ሰው እንኳ ሲጠይቁት መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ ነው። አንቺም ቃል በቃል ትተረጉሚለታለሽ፤ እሱም «ሕመምተኛዋ ደህና እንደሆነች ገልጻለች» ብሎ ይጽፋል። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ከተጻፈ፣ ፎርሙን ይዛችሁ በሄዳችሁበት ቀን ሐኪሙ የሚያየው የዘጠኝ ዓመት «ተመስገን» ነው። ክፋት የለበትም፤ በመዝገቡ ላይ የሌለውን ሊፈርም ስላልቻለ ነው። ምስጋናው ለእግዚአብሔር ይሁን፣ ለሐኪሙ ግን እርምጃው ይነገረው።

እርምጃ ስል የምሬን ነው። ደንቡ የሚጠይቀው ሰውየው ሳያርፍ 200 ጫማ መሄድ ይችላል ወይ ብሎ ነው። 200 ጫማ 61 ሜትር ያህል ነው። በዓይን ለማየት ከፈለግሽ የከተማ አውቶቡስ 40 ጫማ ስለሚረዝም፣ አምስት አውቶቡስ ተከታትለው ቢቆሙ ከመጀመሪያው አፍንጫ እስከ መጨረሻው ጭራ ማለት ነው። እናትሽ ከመኪናው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሁለት ሦስት ጊዜ አበባ የምታይ ከሆነ መልሱን ታውቂዋለሽ።

ሌላም መንገድ አለ። ያለ ከዘራ፣ ያለ ክራንች፣ ያለ ዎከር ወይም ያለ ሰው ድጋፍ መሄድ የማይችል ይገባዋል። በአርትራይተስ፣ በነርቭ ወይም በአጥንት ችግር መራመድ በጣም ያቃተው ይገባዋል። ኦክስጅን ይዞ የሚንቀሳቀስ፣ ሳንባው በአንድ ሰከንድ ከአንድ ሊትር በታች አየር የሚያስወጣ፣ ልቡ በአሜሪካ የልብ ማኅበር መለኪያ ደረጃ 3 ወይም 4 የሆነም ይገባዋል። ሜሪላንድ እጅ ወይም እግር ያጡትንና ዓይናቸው እጅግ የደከመውንም ትጨምራለች። ዕድሜ ብቻውን ግን ምክንያት አይሆንም፤ «74 ዓመቷ ነው» ብለሽ ብትጀምሪ ሐኪሙ በደግነት ፈገግ ብሎ ያልፍሻል።

አሁን እንዲህ አድርጊ። ሦስት ቀን ከእናትሽ ጋር ውጪ። ሳትነግሪያት ቁጠሪ። ከአፓርታማው በር ተነስታ የት ቆመች፣ ስንት ደቂቃ ቆመች፣ ምን ያዘች፣ ስትቀመጥና ስትነሳ ፊቷ ምን ሆነ። ከነቀኑ ጻፊው። ወደ ሱፐርማርኬት ስትሄዱ ደግሞ ጋሪውን ተመልከቺ። አንድ ራስ ሽንኩርት ልትገዛ ገብታ ትልቁን ጋሪ ትገፋለች? ብዙ እናቶቻችን ያንን ጋሪ የሚገፉት ዕቃ ለመያዝ አይደለም፤ ዎከር ስለሆነላቸው ነው፣ ለዚያውም ማንም ሳያፍርባቸው። ከጋሪው ለቃ ከደጅ እስከ መኪናው ስትመጣ አካሄዷ ከተለወጠ፣ ይህንንም ጻፊ። ይህን ወረቀት ለሐኪሙ ስጪውና ከመቀመጫዋ ተነስታ በኮሪደሩ እንድትራመድ ይጠይቃት። ዓይኑ ያየውን ይጽፋል።

ስትሄጂ አስተርጓሚ አስቀድመሽ ጠይቂ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ክሊኒኮችና ሆስፒታሎች በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ በስልክም ሊሆን ይችላል። አንቺ ጎበዝ እንግሊዝኛ እንደምትናገሪ አልጠፋኝም። ነገር ግን እናት በልጇ አፍ «ለመሽናት ስነሳ ግድግዳ እይዛለሁ» አትልም። ከማታውቀው ድምፅ ጋር ስትሆን ትናገረዋለች። አይቼዋለሁ።

የሜሪላንዱ ፎርም ቪአር 210 ይባላል፤ ከኤምቪኤ (ከሜሪላንድ የተሽከርካሪ መሥሪያ ቤት) ቅርንጫፍ ወይም ከድረ ገጹ ይገኛል። የእናትሽን ክፍል እናንተ ትሞላላችሁ፣ የሕክምናውን ክፍል ሐኪሙ። ዋናው ሐኪሟ እምቢ ካለ ነገሩ አበቃለት ማለት አይደለም፤ ነርስ ፕራክቲሽነር፣ ፊዚሺያን አሲስታንት፣ የእግር ሐኪም፣ ፊዚካል ቴራፒስትም እንደየሙያቸው መፈረም ይችላሉ። ለጉልበቷ ቴራፒ የምትሄድ ከሆነ፣ ስትራመድ በየሳምንቱ የሚያያት ያ ሰው ነውና እሱን ጠይቂ። ፎርሙን በአካል ማስገባት ወይም በፖስታ መላክ ይቻላል። በሜሪላንድ ለፕላካርዱ ክፍያ የለውም። እናትሽ መንጃ ፈቃድ ባይኖራትም፣ በስሟ መኪና ባይኖርም ታገኛለች፤ ፈቃዱ የሚሰጠው ለእሷ እንጂ ለመኪናው አይደለም። አብሮት የሚመጣው የማረጋገጫ ወረቀት ፕላካርዱ በተሰቀለ ጊዜ ሁሉ ከእሷ ጋር መሆን አለበት።

ስለ ማኩረፏ ልንገርሽ። «አካል ጉዳተኛ ነሽ» ብለሽ አትጀምሪ። ፕላካርዱ ላይ የሕመሟ ስም አይጻፍም። ሰማያዊ ነው፤ የተሽከርካሪ ወንበር ምልክት፣ ቁጥርና የሚያበቃበት ጊዜ አለው፣ ሌላ ስለ እሷ የሚናገረው የለም። ስታመጪው ደግሞ በመኪናሽ መስታወት ላይ ሰቅለሽ አትተዪው፤ ለእሷ ስጪያት። በቦርሳዋ ትያዘው፣ ከዳዊቷ ጋር። የሚነዳት አንቺም ሆንሽ ወንድምሽ ወይም የማኅበሯ እኅት፣ ቦታው ሲደርሱ ከቦርሳዋ አውጥታ «እንኪ፣ ስቀይው» ትበል። እኔ ፈቃዱን ያወጣሁት በ2009 ነው፤ የነርቭ ሐኪሜ ፖስት ፖሊዮ የሚባለውን፣ ማለትም ፖሊዮ የነካው ጡንቻ ከብዙ ዓመት በኋላ እንደገና የሚደክምበትን ሕመም፣ በሥዕል አስረድታ «እግርህን በፓርኪንግ ሜዳ ላይ አትጨርሰው፤ ለልጅ ልጆችህ አቆየው» ስትለኝ። ለእናትሽም እንዲሁ በይያት። ከመኪናው እስከ በሩ የምታወጣው ጉልበት ለቅዳሴው ይቆይላት።

ይህን ካነሳሁ ለሰበካ ጉባኤ አባላት አንድ ቃል አለኝ። የ1990ው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ የሃይማኖት ተቋማትን አያስገድድም፤ የአካባቢው የሕንፃ ደንብ ግን ሊያስገድድ ይችላል። ሕጉ ያስገድደን አያስገድደን ከሚለው በፊት እሑድ ጠዋት በር ላይ ቆማችሁ ማን ከየት እንደሚመጣ እዩ። ለበሩ ቅርብ የሆነው ቦታ ብዙ ጊዜ የተያዘው ቀድመው በደረሱ፣ እግራቸው ደህና በሆነ አገልጋዮች መኪና ነው። እናቶች ከኋላው ሜዳ በነጠላቸው ላብ እየጠረጉ ይመጣሉ። አራት ቦታ ቀለም መቀባት የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የምኖረው፤ ኡበርና ሊፍት እሠራለሁ። በሚቀጥለው ወር የቀኝ ዳሌዬን ልቀየር ቀጠሮ ይዣለሁ። ለአራት ወር ያህል መራመድ ያስቸግርሃል ብለውኛል። የአካል ጉዳተኛ ታርጋ ይሻለኛል ወይስ ፕላካርድ? መኪናው በሳምንት የምከራየው ነው። ደግሞ ዲኤምቪ (የቨርጂኒያ የተሽከርካሪ መሥሪያ ቤት) «አካል ጉዳተኛ» ብሎ ከመዘገበኝ ሥራዬን ያሳጣኛል ብዬ እሠጋለሁ። (ቴ.)

መልስ፦ ወንድሜ፣ በሰላም ግባ በሰላም ውጣ። ለአንተ የሚሆነው ጊዜያዊው፣ ቀዩ ፕላካርድ ነው። ታርጋ በራስ ስም ለተመዘገበ መኪናና ዘላቂ ችግር ላለበት ሰው ነው፤ መኪናው ሲሸጥ ወይም ሲመለስ ከመኪናው ጋር ጣጣ አለው። ፕላካርድ ግን ከአንተ ጋር ይሄዳል። ዛሬ በተከራየኸው ላይ፣ ነገ ባለቤትህ በምትነዳው ላይ፣ ከነገ ወዲያ ጓደኛህ ለቴራፒ ሲወስድህ በእሱ መኪና ላይ ይሰቀላል።

የቨርጂኒያው ፎርም ሜድ 10 ነው፣ ክፍያው 5 ዶላር። (ዘላቂው ሰማያዊ ፕላካርድም 5 ዶላር ነው፤ በየ5 ዓመቱ ይታደሳል።) ፎርሙን ከቀዶ ጥገናው በፊት ባለህ የመጨረሻ ቀጠሮ ይዘህ ሂድ። ሰዎች ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ነው የሚያስታውሱት፤ ያን ጊዜ በዎከር ወደ ሐኪም ቢሮ ለፊርማ መመላለስ ይመጣል፣ ፕላካርዱ እጅ ሲገባም በጣም የከፋው ሳምንት አልፏል። ሐኪሙ የሚያበቃበትን ጊዜ ይጽፋል። ጊዜው አልቆ እግርህ ካልተሻለው አዲስ ፊርማ ያስፈልጋል፤ በአሮጌው አትቀጥል።

ስለ ሥራህ፣ ፕላካርዱ መንጃ ፈቃድ ላይ የሚገባ ገደብ አይደለም። የምትቆምበትን ቦታ ነው የሚመለከተው። ከዚያ የሚበልጠው ጥያቄ መቼ መንዳት ትጀምራለህ የሚለው ነው፤ ቀኝ ዳሌ ማለት የፍሬን እግር ነው። የቀዶ ሐኪምህ «አሁን ንዳ» እስኪልህ ድረስ የኪራዩን ሳምንት አትክፈል። የቤት ኪራይ እንደሚያሳስብህ አውቃለሁ፤ ድንገት ፍሬን መያዝ ያቃተው እግር ግን የሚያስከፍለው ከኪራይ በላይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ፕላካርድ አለኝ ብለህ ጥሪ እየጠበቅህ በአካል ጉዳተኞች ቦታ ላይ መኪናው ውስጥ አትቀመጥ። ያ ቦታ ወርዶ ለሚራመድ ሰው ነው። ከመኪናው የማትወርድ ከሆነ የትም ብትቆም ለእግርህ ያው ነው። ስትነዳም ከመስታወቱ አውርደው፤ እይታ ይከልላል፣ «ከመንዳትዎ በፊት ያውርዱ» ተብሎም ተጽፎበታል።

ጥያቄ፦ አባታችን ፕላካርድ አላቸው። እሳቸው ቤት ሆነው መድኃኒታቸውን ላመጣ ፋርማሲ ስሄድ፣ ወይም አስቤዛቸውን ስገዛ እሰቅለዋለሁ። ለእሳቸው ጉዳይ እስከሆነ ድረስ ችግር የለውም አይደል? (ስሜ ይቆይ)

መልስ፦ ችግር አለው። መድኃኒቱ የእሳቸው ነው፤ ከመኪናው ወርዶ የሚሄደው እግር ግን የአንተ ነው፣ ደህናም ነው። እሳቸውን ስታወርድ ወይም ልትወስዳቸው ስትሄድ ተጠቀምበት። እሳቸው በሌሉበት ግን ያ ፕላካርድ ምንም አይደለም። ቨርጂኒያ ውስጥ ምልክቱ ሥር ከ100 እስከ 500 ዶላር ቅጣት ተብሎ ተጽፏል፤ መኪናውም ሊጎተት ይችላል።

ቅጣቱን የጠቀስኩት ስለጠየቅኸኝ ነው እንጂ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የአሜሪካው የአካል ጉዳተኞች ሕግ መለኪያ እስከ 25 መኪና ለሚይዝ ሜዳ የሚያስገድደው አንድ የአካል ጉዳተኞች ቦታ ብቻ ነው። እስከ 50 ለሚይዝ ሁለት። ፋርማሲው ደጅ ያለው ያ አንዱ ነው። አንተ አምስት ደቂቃ ስትቆም፣ የሌላ ሰው አባት በዚያች አምስት ደቂቃ መጥቶ፣ ዞሮ አይቶ፣ መድኃኒቱን ሳይወስድ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል። ጋራዥ ሆኜ እንዲህ ያለውን መኪና ስንት ጊዜ ዞሮ ሲወጣ አይቻለሁ። ማን እንደነበረ አታውቅም፤ ስለማታውቀውም ምንም እንዳልሆነ ይመስልሃል።

አባትህ ዕድሜያቸው ይርዘምና፣ ባለቤቱ ሲያርፍም ፕላካርዱ ለሰጠው መሥሪያ ቤት ይመለሳል። ለቅሶ ላይ ማንም አያስታውሰውም፤ ከአርባ በኋላ ግን አስታውሱት።

በዚሁ አጋጣሚ ለሌሎቻችሁ፦ ፕላካርድ ሰቅሎ በእግሩ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሰው ስታዩ አትናገሩት። አንድ ጊዜ ጋራዡ ውስጥ አንድ ደንበኛ ሃያ ዓመት በማይሞላት ልጅ ላይ «ምን ሆነሽ ነው እዚህ የምታቆሚው?» ብሎ ጮኸባት። ምንም አልመለሰችም፤ ወደ አሳንሰሩ ሄዳ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች፣ ከንፈሯ ሰማያዊ ነበር። ልብ ከውጭ አይታይም። ሳንባም እንዲሁ።

ጥያቄ፦ ሱቅ ደጅ ከአካል ጉዳተኞች ቦታ አጠገብ በሰያፍ ነጭ መስመሮች የተሰመረች ክፍት ቦታ ነበረች። ምልክት የላትም፣ ሰውም አይጠቀምባት፤ ለሁለት ደቂቃ ብቆም ቲኬት ጻፉብኝ። ባዶ ቦታ ላይ ቲኬት አግባብ ነው? (ወ/ሮ ብ.፣ ከዊተን)

መልስ፦ እመቤቴ፣ ቦታዋ ባዶ አይደለችም። ባዶነቷ ነው ሥራዋ።

ይህን የተማርኩት በጥፋት ነው፤ እስካሁን ስለሚቆጨኝ እነግርዎታለሁ። ከሠራሁባቸው ጋራዦች በአንዱ፣ ሥራ በሚበዛበት የምሳ ሰዓት ኃላፊው «መስመሮቹ ላይም ደርድር» ይለን ነበር። እኔም አደርግ ነበር፣ ያውም በዚህ እግሬ። አንድ ቀን አንዲት ሴት ከሐኪም ተመልሳ በተሽከርካሪ ወንበሯ መጣች። ቫኗ በቦታው ቆማለች፤ ከጎኗ በመስመሩ ላይ እኔ ያቆምኩት ጥቁር መኪና አለ። የቫኗ በር ወደ ጎን ተከፍቶ መወጣጫው እንደ ምላስ ይዘረጋል፤ ወንበሩ በዚያ ላይ ይወጣል። ቁልፉን ተጫነችው። በሩ ተከፈተ፣ መወጣጫው አንድ ክንድ ያህል ወጣና ጥቁሩን መኪና ነክቶ ቆመ። እንደገና ተጫነች፤ እንደገና ነክቶ ቆመ። አልጮኸችም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ መኪናውን አየችው። የመኪናው ቁልፍ ሌላ ፎቅ ላይ ስለነበር ለማምጣትና ለማንሳት 20 ደቂቃ ፈጀብኝ። ይቅርታ ስጠይቃት «ዛሬ ሁለተኛዬ ነው» ብቻ አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኃላፊው ምንም ቢለኝ መስመር ላይ አልደረደርኩም፤ ሌሎቹንም ከለከልኩ።

በመለኪያው መሠረት ያ መስመር የተሰመረበት መተላለፊያ ቢያንስ 5 ጫማ ስፋት አለው፤ ለቫን የሚሆነው ወይ መተላለፊያው 8 ጫማ ይሆናል፣ አለዚያ ራሱ ማቆሚያው 11 ጫማ ይሆናል። ከስድስት የአካል ጉዳተኞች ቦታ ቢያንስ አንዱ ለቫን መሆን አለበት። ፕላካርድ ያለው ሰው እንኳ በመስመሩ ላይ ማቆም አይችልም። ቲኬትዎን ይክፈሉት።

ጥያቄ፦ 81 ዓመቴ ነው፣ ራሴው ነው የምነዳው። ፕላካርዴ የሜሪላንድ ነው። ወደ ዲሲና ወደ ቨርጂኒያ ስሻገር ይሠራልኛል? የመንገድ ዳር የፓርኪንግ መክፈያውን ሜትርስ እከፍላለሁ ወይስ ነጻ ነኝ? አንዱ አንድ ይለኛል፣ ሌላው ሌላ። (መ.፣ ጡረተኛ መምህር)

መልስ፦ አባቴ፣ ፕላካርድዎ በሁሉም ግዛት ይታወቃል። ሜትሩ ግን እንደየቦታው ነው፤ ሁለቱም ሰዎች እውነት ብለውዎት ይሆናል።

በቨርጂኒያ ሕግ ፕላካርድ ያለው ሰው ሜትር ባለበት ቦታ እስከ 4 ሰዓት ሳይከፍል መቆም ይችላል፤ ከተማው ወይም ካውንቲው «ይክፈል» ብሎ ካልወሰነ በቀር። አርሊንግተን ወስኗል። እዚያ ሁሉም ያቆማል፣ ሁሉም ይከፍላል ነው ደንቡ። ዲሲ መሐል ከተማ ደግሞ ራሳቸው ቀይ የተቀባ ሜትሮች አሉ። እነዚያ ፕላካርድ ወይም የአካል ጉዳተኛ ታርጋ ላላቸው ብቻ የተተዉ ናቸው፤ ነጻ ግን አይደሉም፣ ይከፈላል። ልዩነቱ ከሌላው ረዘም ያለ ጊዜ መቆም መፍቀዳቸው ነው፤ ቀስ ብለው ሄደው ቀስ ብለው እንዲመለሱ። ሜትሩ ላይ የተጻፈውን ሰዓት ያንብቡ፤ መነጽርዎን መኪና ውስጥ አይተዉ።

ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛ ከሚገለገሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ ስለሆነ፣ የዲሲ መሥሪያ ቤት ሲደውሉ «አማርኛ» ይበሉና ይጠብቁ። አስተርጓሚ ያገናኙዎታል። ከኤምቪኤ የተሰጠዎትን የማረጋገጫ ወረቀት ደግሞ በኪስ ቦርሳዎ ያድርጉት፤ ቤት መሳቢያ ውስጥ ካለ ዛሬ ያውጡት። ፖሊስ ቢጠይቅዎ የሚያየው እሱን ነው።